ኮዱን ነገ እጽፋለሁ

ፕሮግራመር አዲስ ሥራ ሊጀምር ሲል መጀመሪያ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ስክሪኑን ያጠቁራል። ጥቁሩ አልጠቁር ብሎት ሌላ ጥቁር ይፈልጋል። ቀጥሎ ፎንት ይመርጣል። ዜሮ ከ"ኦ"፣ አንድ ቁጥር ከትንሿ "ኤል" ጋር የማይምታታበት ፎንት እስኪገኝ ይመሻል። ከዚያ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ይኳላል። ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ይጫናል። አዲሱ ፕለጊን ከነባሩ ጋር ይጣላል፤ ሽምግልና ይገባል። ኮዱስ? ኮዱማ ነገ።

ምነው ብትሉት መልስ አያጣም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁን ዶናልድ ክኑዝን ይጠራላችኋል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1977 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያዘጋጀውን ባለብዙ ቅጽ መጽሐፍ የአንዱን ቅጽ አዲስ እትም ናሙና ሲያይ የፊደሉ አቀማመጥ አስጠላው። መጽሐፉን አስቀምጦ የኅትመት ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ቶሎ የሚያልቅ መስሎት ነበር፤ አስር ዓመት ያህል ፈጀበት። ቴክ የተባለው ያ ፕሮግራም ዛሬም ይሠራል። የእትም ቁጥሩ እንኳ በታረመ ቁጥር አንድ አሃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ (3.14...) ይጠጋል። መጽሐፉ ግን እስካሁን አልተቋጨም። "አየህ፣ ክኑዝም መሣሪያውን ነው ያስቀደመው" ይላል የኛ ሰው። አልዋሸም። ብቻ ክኑዝ ቴክን ሰጠን፤ የኛ ሰው የሰጠን የተርሚናሉን ስክሪንሾት ነው።

እኔ እስካሁን መሣሪያውን በምክንያት የመረጠ ሰው አላየሁም። ሰው መጀመሪያ ይለምዳል፤ ምክንያቱን በኋላ ያፈላልጋል። ቪም የሚባለውን ኤዲተር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ጠይቁ። "ጠቋሚውን በኤች፣ በጄ፣ በኬ እና በኤል የምታንቀሳቅሰው ለምንድን ነው?" በሉት። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ጣት ጤና፣ እጅን ከቦታው አለማንሳት ስላለው ጥቅም ሰፊ ማብራሪያ ይሰጣችኋል። የነገሩ አመጣጥ ግን አጭር ነው። የቪም አባት የሆነውን ቪአይን በ1976 የጻፈው ቢል ጆይ ይሠራበት በነበረው ተርሚናል (ያኔ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ ነበር) ላይ ቀስቶቹ የታተሙት እነዚያ አራት ቁልፎች ላይ ነበር። በቃ። ቀስቶቹ ሌላ ቁልፍ ላይ ቢታተሙ ኖሮ የጣት ጤናም አብሮ ይዛወር ነበር።

በዚያው ዓመት ኢማክስ የሚባለው ሌላው ኤዲተርም ተወለደ፤ የሁለቱ ወገኖች ጠብ እስካሁን አልበረደም። የኢማክሱ ሰው በኤዲተሩ ኢሜይል ያነባል፣ ቀን ይቆጥራል፣ ጌም ይጫወታል። አልፎ አልፎ ኮድም ይጽፍበታል አሉ። የቪሙ ሰው በዚህ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን መውጣት የማይቻልበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው። ፕሮግራመሮች በሚጠያየቁበት ድረ ገጽ፣ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ፣ "ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?" የሚለው ጥያቄ በ2017 ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር። እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ ነው። (እኔ በዚህ ጦርነት ገለልተኛ ነኝ። መውጫውን ከታች ጽፎ የሚያሳየውን ናኖ የሚባለውን ኤዲተር ነው የምጠቀመው። ሰው ሲመጣ ግን መስኮቱን አሳንሰዋለሁ።)

አቶም የሚባል ኤዲተርም ነበር። ወዳጆቹ "ከዚህ ወዲያ ሌላ አልነካም" ብለው ማሉ። ባለቤቱ ጊትሀብ በ2022 መጨረሻ ላይ ዘጋው። መሐላውን ሳይቀይሩ ወደ ቪኤስ ኮድ ዞሩ።

የፕሮግራም ቋንቋው ደግሞ ይብሳል። አንድ ምስኪን ጀማሪ "ምን ልማር?" ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ፓይተን ይለዋል። ሌላው "ጃቫስክሪፕት ሳታውቅ ወዴት?" ይለዋል። ሦስተኛው ክፉ ነው፤ "ሲ የሚባለውን ቋንቋ ያልቻለ ኮምፒውተር አውቃለሁ እንዳይል" ብሎ ያስደነግጠዋል። ይሄ ሰውዬ ራሱ እንጀራ የሚበላው በሌላ ቋንቋ፣ በፒኤችፒ ነው። ጀማሪው እቤቱ ገብቶ ሦስቱን የሚያወዳድሩ ቪዲዮዎች ማየት ይጀምራል። ወራት ያልፋሉ። ብሬንዳን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ረቂቅ በ1995 የሠራው በ10 ቀን ነው። ልማረው ወይስ ይቅርብኝ ለሚለው ሐሳብ ከዚያ በላይ መፍጀት ትንሽ ያሳፍራል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ2005 የኮድ ለውጦችን ይመዘግብበት የነበረው መሣሪያ ነፃ ፈቃዱ ሲነሳበት ቪዲዮ አላየም። ተቀምጦ የራሱን መመዝገቢያ፣ ጊትን ጻፈ። ጊት በቀናት ውስጥ የራሱን ኮድ መያዝ ጀመረ።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይጨቃጨቅ አንድ ሰው አለ፤ የኮቦል ባለሙያ። ቋንቋው ከ1959 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም ባንክ ውስጥ ሒሳብ ያወራርዳል። ባለሙያውን ስለ ፎንት የሚጠይቀው የለም። እሱም ስለ ፎንት የሚያወራ ሰው ሲያይ ሰዓቱን ያያል። የሚከፈለው በሰዓት ነው።

ጀማሪያችንም በመጨረሻ ሥራ ያገኛል። ምን ቋንቋ ትወዳለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ላፕቶፕ ሰጡት፤ ውስጡ እሱ ሳይወለድ የተጀመረ የጃቫ ኮድ አለ። የመስመሩ መነሻ ክፍተት በታብ ይሁን በስፔስ ቁልፍ ቀድሞ ተወስኗል። ኤዲተሩም ተጭኗል፤ ያውም ነጭ ስክሪን። የመጀመሪያውን ሳምንት በጃቫ ርዝመት ሲያማርር ይከርማል። "አንድ ቃል ለማተም ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?" ይላል። ደመወዝ ከወጣ በኋላ ግን ድምፁ ይረጋል። "ጃቫ እኮ የበሰለ ቋንቋ ነው" ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። "እኔ ብዙ አማራጭ አይቼ፣ አመዛዝኜ ነው የገባሁበት።"