የግንቡን ቁመት ማን ለካው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2007፣ የሳን ፍራንሲስኮ የእንስሳት ማቆያ ሊዘጋ ሲል ታቲያና የምትባል የሳይቤሪያ ነብር ከቅጥሯ ወጣች። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ገደለች፣ ሁለት ጓደኞቹን አቆሰለች፣ በመጨረሻም በፖሊስ ጥይት ወደቀች። ስለ ግንቡ ሲጠየቅ የማቆያው አመራር መጀመሪያ የሰጠው መልስ ቁመቱ 18 ጫማ፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው የሚል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተለካ። 12 ጫማ ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ አራት ሜትር እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎችና አኳሪየሞች ማኅበር የሚመክረው ዝቅተኛ ልክ ግን አምስት ሜትር ነው።

ይህን ታሪክ ባነሳሁት ቁጥር የሚያንገበግበኝ የልኩ ነገር ነው። ግንቡ የተሠራው በ1940 ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እዚያው ቆሞ ኖሯል። ቁመቱን ለማወቅ መሰላልና ሜትር ይበቃል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ዳይሬክተሮች ተፈራርቀዋል፣ የማኅበሩ መርማሪዎች መጥተው አይተው ሄደዋል፣ በጀት በየዓመቱ ጸድቋል። ይባስ ብሎ ልክ በዓመቱ፣ በዲሴምበር 2006፣ ይህችው ነብር ጎብኝዎች እያዩ ትመግባት የነበረችን ተንከባካቢ ክንዷን ይዛ ክፉኛ አቁስላት ነበር። የካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጥፋቱ የማቆያው ነው ብሎ ቅጣት ጥሎበታል። ከዚያ በኋላ የመመገቢያው ክፍል ተስተካከለ። የውጪውን ግንብ ግን ሜትር ይዞ የሄደበት ሰው አልነበረም።

ከተማ ስለሚደጉማቸው የእንስሳት ማቆያዎች ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል። እንዲህ ዓይነት ተቋም ሲበላሽ ሁላችንም ወደ ዳይሬክተሩ እንዞራለን። ሰነፍ ነው፣ አምባገነን ነው፣ ሌባ ነው እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ዳይሬክተሩ ቢነሳም በሽታው አይነሳም፤ ምክንያቱም በሽታው ያለው ወሬው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ምክር ቤትና ተቋሙን የሚቆጣጠረው ቦርድ ስለ ማቆያው የሚሰሙት ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው፤ ሊቆጣጠሩት ከተገባቸው ሰው አፍ።

የሳን ፍራንሲስኮን አሠራር ተመልከቱ። መሬቱ የከተማዋ ነው። ከ1993 ጀምሮ ግን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ነው። ከተማዋ በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ትሰጣለች፤ የቀረው ከመግቢያ ትኬትና ከለጋሾች ይመጣል። ይህ በራሱ ክፉ አሠራር አይደለም፣ ብዙ ከተሞች በዚሁ ይሠራሉ። ችግሩ የሚመጣው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። የከተማው ሹም «አስተዳዳሪው ማኅበሩ ነው» ይላል፣ ማኅበሩ «የዕለት ሥራ የዳይሬክተሯ ነው» ይላል፣ ዳይሬክተሯ «ቤቱ የከተማው ነው፣ ያረጀው ጣሪያ የእኔ ዕዳ አይደለም» ለማለት ትችላለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እዚህ ግን የሚናቅም የሚፈራም አንድ ባለቤት ጠፍቷል፤ ሦስት ባለቤት ያለው ቤት ባለቤት አልባ ሆኖ ያድራል።

ከነብሯ አደጋ በኋላ በ2008 አዲስ ኃላፊ መጣች። ኃላፊነቱን የለቀቀችው በ2025 ነው። በመካከሉ ምን ሆነ? በ2024 ሠራተኞቹ በማኅበራቸው በኩል በኃላፊዋ ላይ እምነት እንደሌላቸው ድምፅ ሰጡ። በዚያው ዓመት የከተማዋ የእንስሳት ቁጥጥርና ደኅንነት ኮሚሽን፣ ማቆያው ያረጀና ለእንስሳትም ለጎብኝዎችም አስጊ ነው የሚል ሪፖርት አወጣ። ኦዲት ሲጀመር ሰነድ በወቅቱ አልቀርብ እያለ፣ የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ድጎማውን እናቆማለን እስከማለት ደረሱ። ልብ በሉ፤ ገንዘቡን የሚሰጥ አካል ገንዘቡ የት እንደዋለ ለማየት ማስፈራራት አስፈለገው።

በዚያው በ2024 የከተማዋ ከንቲባ ቻይና ሄደው ፓንዳዎች እንዲመጡ ተስማምተው ተመልሰዋል። ለፓንዳዎቹ መኖሪያ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ከለጋሾች ይሰበሰባል ተባለ። ፓንዳ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም፣ ማን ይጠላል? የነበሩት እንስሳት ግን በእርጥበት በሚፈርስ ቤት ውስጥ ነበሩ። ለአዲስ እንስሳ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ንግግር ይደረጋል። የዛገ የበር መቀርቀሪያ ሲቀየር ሪባን የሚቆርጥ ከንቲባ አላየሁም። አመራር ማለት እኮ በዋነኛነት መቀርቀሪያውን መቀየር ነው።

እስቲ የአንድ ተንከባካቢን ጠዋት በቅርብ እንየው። ጎብኝ ከመግባቱ በፊት ይደርሳል። ከሁሉ አስቀድሞ ይቆጥራል፤ ትናንት ማታ የነበሩት ሁሉ አሉ? ከዚያ መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየጎተተ ይፈትሻል። ሌሊት የተረፈውን ምግብ ያያል፣ ፋንድያውን ያያል፣ እንስሳው ሲነሳ የትኛውን እግሩን እንደሚያስቀድምና የትኛውን እንደሚሰስት ያያል። ድብ በአንድ መስመር ላይ ሲመላለስ የዋለበት ቦታ ሣሩ ረግፎ መሬቱ ሲያብረቀርቅ ያያል። ያየውን በዕለታዊ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። «የድቡ የኋላ በር መቀርቀሪያ ጠብቋል፣ ሁለት ጊዜ ካልገፉት አይዘጋም።» አንድ መስመር።

አሁን ይህቺን መስመር ተከተሏት። ወደ ክፍል ኃላፊው ትሄዳለች፤ እዚያ ከሌሎች አሥር መስመሮች ጋር «ጥገና የሚያስፈልጋቸው በሮች» ትሆናለች። ወደ ዳይሬክተሩ ስትደርስ «የመሠረተ ልማት እድሳት» ተብላለች። በሦስት ወሩ የቦርድ ስብሰባ ላይ «ተቋሙ ከዕድሜው ጋር የተያያዙ ተግዳሮቶች ቢኖሩበትም በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰጥማለች። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ የሚያየው የጎብኝ ቁጥርና የገቢ ግራፍ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የዋሸ ሰው ላይኖር ይችላል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ አለሳልሷል፤ መቀርቀሪያው ግን አሁንም አይዘጋም። ተንከባካቢው ደግሞ አለቃውን ዘሎ ለቦርድ ሰው ቢናገር «ዲሲፕሊን የለውም» ይባላል። ሁለተኛ አይናገርም። ሰውዬው ዝም ሲል እንስሳውም ዝም አለ ማለት ነው፤ ሌላ አፍ የለውም።

ገንዘብ ላይ ሲሆንም መንገዱ ያው ነው። በኦሃዮ የኮለምበስ የእንስሳት ማቆያ የካውንቲው ነዋሪ ከንብረት ግብሩ የሚደጉመው ተቋም ነው። በአገሩ ስመ ጥር ነበር። በ2021 አንድ የአካባቢው ጋዜጣ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው የተቋሙን ቤቶች ለዘመዶቻቸው እንዳከራዩ፣ ለተቋሙ የተሰጡ የመዝናኛ ትኬቶችን ለቤተሰብ እንደተጠቀሙባቸው ጻፈ። ሁለቱም ሥራ ለቀቁ። ምርመራው ሲገፋ ለዓመታት የተዘረፈው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ታወቀ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጥፋቱን አምኖ በ2024 የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። የአሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ማኅበርም በ2021 እውቅናውን ነፈገው። ምክንያቱ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ለቴሌቪዥንና ለመድረክ የሚቀርቡ እንስሳት እውቅና ከሌላቸው አቅራቢዎች ይመጡ እንደነበርም ተጠቅሷል። በሒሳብ ክፍል ያልተጠየቀ አመራር በእንስሳቱ ክፍልም አልተጠየቀም። ሁለቱን ለይተን ማየት የለብንም።

«እንግዲያው ፖለቲከኞቹ በደንብ ይቆጣጠሩ» የሚል ሰው ይኖራል። እኔም እላለሁ፣ ነገር ግን ቁጥጥር ማለት ትእዛዝ ማለት አይደለም። የቶሮንቶ ነገር ይህን አስተምሮኛል። በ2011 የከተማዋ ምክር ቤት በማቆያው የቀሩት ሦስት ዝሆኖች፣ ቶካ፣ ቲካና ኢሪንጋ፣ ካሊፎርኒያ ወደሚገኝ መጠለያ እንዲሄዱ ወሰነ። ዝሆን በዚያ ብርድ መኖር የለበትም በሚለው እኔም እስማማለሁ። ውሳኔው ግን የማቆያውን ባለሙያዎች አልፎ በምክር ቤት ድምፅ የተሰጠ ነበርና በ2012 ማቆያው የማኅበሩን እውቅና አጣ፤ ዝሆኖቹም የሄዱት በ2013 ነው። ምክር ቤቱ ዓመት ሙሉ የተንከባካቢዎቹን መዝገብ ሲያነብ ኖሮ ቢሆን፣ የዝሆኖቹን እግር ሁኔታ ከእነሱ ሰምቶ ቢሆን፣ ነገሩ በድምፅ ብልጫ የሚገፋ ጠብ ባልሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር የዲትሮይትን ባስተያይ ልዩነቱ ይታየኛል። እዚያ ዳይሬክተሩ ራሱ ዊንኪና ዋንዳ የተባሉት ሁለት ዝሆኖች በሚቺጋን ክረምት በሲሚንቶ ላይ ቆመው መገጣጠሚያቸው እንደተጎዳ ለሕዝብ ተናገረ፤ ዝሆን መያዝ እናቆማለን አለ። ማኅበሩ ወደ ሌላ ማቆያ እንዲልካቸው ፈልጎ ነበር፣ እንዲያውም ወደዚያው ወደ ኮለምበስ። ዳይሬክተሩ አልተቀበለም፣ ተከራከረ፣ በ2005 ወደ መጠለያ ሄዱ። ብዙ ጎብኝ የሚስብ እንስሳ ለመተው ድፍረት ይጠይቃል። ይኸው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የሌለውን የዶክትሬት ዲግሪ አለኝ ማለቱ ሲታወቅ ቦርዱ ቀጣው፣ ሥራውንም ቀጠለ። ይህን የማነሳው ላሳፍረው አይደለም። ጥሩ የሠራ መሪም ሲሳሳት የሚጠይቀው አካል ነበረ፤ ከዳይሬክተሩ ይልቅ የወደድኩት ይህንን ነው።

አንዳንዶች ከነጭራሹ ይዘጋ ይላሉ። ብስጭታቸው ይገባኛል። በቦነስ አይረስ በ2012 ዊነር የተባለው የዋልታ ድብ በዲሴምበር ሙቀት ሞተ፤ በዚያ አገር ዲሴምበር በጋ ነው። ማቆያው የከተማዋ ንብረት ሲሆን የሚያስተዳድረው ኮንትራት የወሰደ ድርጅት ነበር። በ2016 ከተማዋ ተረክባ ዘጋችው፣ ኢኮፓርክ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥበቃ ፓርክ፣ ይሆናል ተባለ። በሩ ላይ ያለው ስም ተቀየረ እንጂ ከአንድ ሺህ የሚበልጡት እንስሳት በአንድ ቀን የሚሄዱበት ቦታ አልነበረም። ፑፒ የተባለችው ዝሆን ብራዚል ወዳለው መጠለያ የሄደችው በ2025 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ። መዝጋትም አመራር ይፈልጋል፣ እንዲያውም ካለመዝጋት የበለጠ፤ ጎብኝ ሲቀር የሚያይ ዓይንም አብሮ ይቀራልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈጅ ነገር ነው። የተንከባካቢዎች ዕለታዊ መዝገብ፣ በማንም እጅ ሳይለሳለስ፣ እንዳለ ለቦርዱና ለምክር ቤቱ ይድረስ። የሞተ፣ ያመለጠ፣ የቆሰለ እንስሳ፣ የቆሰለ ሠራተኛ፣ ያልተጠገነ በር፣ ቀኑ ተጽፎ ለከተማው ነዋሪ በየወሩ ይውጣ። ከቦርዱ መቀመጫ ቢያንስ አንዱ ሠራተኞቹ ራሳቸው በሚመርጡት ሰው ይያዝ፣ ዳይሬክተሩም ያን ሰው ለማባረርም ለማዛወርም ሥልጣን አይኑረው። ኦዲተር ሰነድ ጠይቆ በተወሰነ ቀን ካልቀረበ ድጎማው በራሱ ጊዜ ይቁም፤ ማስፈራራት የማንም ሥራ መሆን የለበትም።

የምክር ቤት አባላትም በዋናው በር ገብተው የቀጭኔ ፎቶ ተነስተው አይመለሱ። በኋላ በር ይግቡ፤ ምግብ በሚገባበት፣ ቆሻሻ በሚወጣበት፣ ሽታው በሚጠነክርበት በኩል። ጎብኝ ሳይኖር፣ ዝናብ ሲዘንብ ይሂዱ፤ የሚያፈስ ጣሪያ የሚታየው ያኔ ነው። ዳይሬክተሩ ሳይኖር ተንከባካቢዎቹን ያነጋግሩ።

የሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይ ደግሞ የጎብኝ ቁጥር ከመቅረቡ በፊት አንድ አባል እጁን አውጥቶ ዳይሬክተሩን ይጠይቅልኝ። የአደገኛው እንስሳ ሁሉ አጥር ስንት ሜትር ነው? መጨረሻ የተለካው መቼ ነው? የለካው ሰው ስሙ ማን ነው፣ ልኩስ የት ነው የተጻፈው? መልሱ «አጣርቼ አሳውቃለሁ» ከሆነ ስብሰባው እዚያው ይቋረጥና ሁሉም ተነስተው፣ ሜትሩን ይዘው፣ አብረው ሄደው ይለኩ።