የቤባ ቬኬ ድንበር ተከፍቷል ወይ?

ክርክሩን የጫረው ሹፌሩ ነው። ሃንጋሪ ውስጥ ሴጌድ ከተማ የሚኖር ወጣት ነው፤ ለዕረፍት አዲስ አበባ መጥቶ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ተገናኘን። «እዚያ እኮ ድንበር የሚባል ነገር ቀርቷል» አለ። «እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሮማኒያ በየብስም ሼንገን ገብታለች፤ ሼንገን ማለት የአውሮፓ አገሮች በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩበት ቀጠና ነው። በፊት ወረፋ ስጠብቅ የማድርበትን ቦታ አሁን ሳልቆም አልፈዋለሁ። እንደ ቤባ ቬኬ ያሉት የድንበር ገጠሮች ገና ነፍስ ይዘራሉ።»

ቤባ ቬኬ በሮማኒያ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በቲሚሽ አውራጃ ያለች የገጠር ኮሙና ናት። ኮሙና የራሱን ከንቲባና ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ የሚመርጥ የገጠር አስተዳደር ነው፤ ይህቺኛዋ ቤባ ቬኬን፣ ኬረስቱርንና ፖርዴያኑን ትይዛለች። ሦስቱ መንደሮች ተደምረው ሕዝባቸው አንድ ሺህ አምስት መቶ ገደማ ነው። ከእርሻው ዳር ባለሦስት ገጽ ድንጋይ ቆሟል፤ ሮማኒያ፣ ሃንጋሪና ሰርቢያ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው።

የጂኦግራፊ መምህርቷ ወዲያው ያዘችው። «የቱ ድንበር ነው የቀረው? ድንጋዩ ሦስት ፊት አለው፤ አንተ የምታወራው ስለ አንዱ ነው። ሰርቢያ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ስደተኛ እንዳይገባ ብላ በሰርቢያ በኩል አጥር አጥራለች። ራቤ የምትባለው የሰርቢያ መንደር ከቤባ ቬኬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። ለእሷ ምን ተከፈተላት?»

«አንዱ መከፈቱ ይናቃል?» አለ ሹፌሩ። «በሃንጋሪ ድንበር አጠገብ ያለችውን የሮማኒያ ከተማ ኦራዲያን ተመልከቺ። ከተማዋ ውስጥ የሚሠሩ ሮማኒያውያን ቤት ሲወደድባቸው ድንበር ተሻግረው በሃንጋሪ መንደሮች ገዙ። ሰው አልቆባቸው የነበሩ መንደሮች ልጅ አዩ። ለቤባ ቬኬ ደግሞ ከአውራጃዋ ዋና ከተማ ከቲሚሿራ ይልቅ ሴጌድ ይቀርባታል።»

ይህ ጥሩ መልስ ነበር፤ መምህርቷም ትንሽ ዝም አለች። ዝምታውን የሰበሩት በደርግ ዘመን በመንግሥት የትምህርት ዕድል ሄደው ቲሚሿራ ግብርና የተማሩት ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ መከፈቱን አልጠላሁም» አሉ። «ግን እዚያ አገር ሰው መስመሩን የሚፈራው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ያ ሁሉ ሜዳ ባናት የሚባል አንድ ምድር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሦስት ተከፈለ፤ መስመሩም እ.ኤ.አ. በ1920 በትሪያኖን ውል ጸና። ገበሬው ከቤቱ ሳይወጣ የድንበር ሰው ሆነ። በ1948 የዩጎዝላቪያው ቲቶና የሶቪየቱ ስታሊን ሲጣሉ ደግሞ፣ ያኔ ሰርቢያን በያዘችው በዩጎዝላቪያ ድንበር መኖር ብቻውን ማስጠርጠር ጀመረ። በ1951፣ ከጁን 17 ለ18 አጥቢያ፣ ከድንበሩ 25 ኪሎ ሜትር ባለው ቀጠና ወታደር በየቤቱ ገባ። ከ40,000 በላይ ሰው በዕቃ ባቡር ተጭኖ በደቡብ ምሥራቅ ሮማኒያ በረጋን የሚባል ሜዳ ላይ ተራገፈ። ቤትህን ራስህ ከጭቃ ሥራ ተባለ። አብዛኛው የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ እንኳ ወደ ዩጎዝላቪያ ሊሻገር ሲል የተያዘ ይደበደብ ነበር፤ የተተኮሰበትም አለ።»

ያ ጁን 17 እሑድ ሲሆን ጰራቅሊጦስ ነበር። እኛም በዚያው ቀን ነው ያከበርነው። ሮማኒያውያን እስከ ዛሬ ጥቁሩ ጰራቅሊጦስ ይሉታል፤ ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ።

«ጋሼ፣ ያ ጊዜ እኮ አልፏል» አለ ሹፌሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልፏል። ግን የዘጋውም የከፈተውም ሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሰው ነው። የኬረስቱርን ገበሬ ያኔም የጠየቀው የለም፣ አሁንም የለም።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ሥራና ደመወዝ ሄደ። መምህርቷ ድንበር ሲከፈት መጀመሪያ የሚሻገረው ወጣቱ ነው፣ መንደሩ ይብሱን ይራቆታል አለች። በዚህ አልስማማም። ወጣቱ ሮማኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኅብረቱን ከመግባቷም በፊት ወደ ጣሊያንና ስፔን መጉረፍ ጀምሮ ነበር፤ መሄድ የፈለገን የድንበር ወረፋ አላስቀረውም። ወረፋው የጎዳው ጠዋት ሴጌድ ሠርቶ ማታ ቤቱ ሊያድር የሚፈልገውን ነው። ስለዚህ የሹፌሩ የኦራዲያ ምሳሌ ሚዛን ይደፋል፤ በሃንጋሪ በኩል የመጣው ለውጥ እውነተኛ ነው፣ ሊከበርም ይገባል።

ነገር ግን ድንበር ቀርቷል ማለቱ ስሕተት ነው፤ እዚህ ላይ ፍርዴ ለመምህርቷና ለሽማግሌው ነው። ያቺን ኮሙና ክፉኛ የጎዳት የሰርቢያ በኩል ያለው መስመር ነው። በ1951 ሰው የተጋዘው በዚያ ምክንያት ነው፣ ጥይት የተተኮሰውም እዚያ ላይ ነው። ዛሬም ኅብረቱ በሩን የሚቆልፈው በዚያው መስመር ነው። ስደተኛን ለማገድ ተብሎ የጸና ቁጥጥር ሲሆን፣ ዋጋውን ግን የራቤና የፖርዴያኑ ጎረቤታሞችም ይከፍላሉ።

በሜይ ወር መጨረሻ አካባቢ የሦስቱ አገር ሰዎች ድንጋዩ ዘንድ ተሰብስበው በዓል የሚያከብሩበት ልማድ አለ። ለዚያ ቀን መሻገሪያ ይከፈታል፤ ሰዉም በእግሩ መጥቶ ይገናኛል። ሦስቱ መንግሥታት ይህን ለአንድ ቀን ማዘጋጀት ከቻሉ፣ ለአካባቢው ነዋሪ በየሳምንቱ ሊያደርጉት የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።