«ውድቅ አልሆነም» ማለት «ተረጋገጠ» ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ካለው ዳቦ ቤት 64 ዳቦ ገዝተህ አንድ በአንድ መመዘንህ ያስመሰግንሃል፤ ስንቱ በግምት ነው የሚያወራው። የዳቦው አማካይ ክብደት 100 ግራም ነው የሚለውን መላምት (በመረጃ የሚፈተን ግምት) ፈትነህ «መላምቱ ውድቅ ስላልሆነ አማካይ ክብደቱ 100 ግራም መሆኑ ተረጋግጧል» ያልከው ግን ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

በራስህ ቁጥር እንየው። የናሙናህ አማካይ 98.5፣ መደበኛ ልይይቱ (ዳቦዎቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 8 ግራም ነው። 8ን ለ64 ስኩዌር ሩት ስናካፍል መደበኛ ስህተቱ (የናሙና አማካይ ከእውነተኛው አማካይ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 1 ግራም ይመጣል። ዜድ፣ ማለትም የናሙናው አማካይ ከመላምቱ በስንት መደበኛ ስህተት እንደሚርቅ፣ -1.5 ነው፤ ርቀቱ (ምልክቱ ሳይታይ) በ95 በመቶ መተማመኛ ከተለመደው ወሰን ከ1.96 ስላላለፈ 100 ግራም አልወደቀም። እስከዚህ ልክ ነህ። አሁን ደግሞ «አማካዩ 97 ግራም ነው» የሚለውን ፈትን። ዜድ +1.5! እሱም አይወድቅም። ታዲያ 100ም 97ም ተረጋገጡ ልንል ነው? መረጃህ በ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ96.5 እስከ 100.5 ግራም ገደማ ካለው ውስጥ የትኛውንም አማካይ ውድቅ አያደርግም።

400 ዳቦ መዝነህ አማካዩና ልይይቱ ያው ቢሆኑ ኖሮ መደበኛ ስህተቱ ወደ 0.4 ግራም ስለሚወርድ ዜድ -3.75 ይሆን ነበር፤ ያኔ 100 ግራም ይወድቃል። እንደገና ስትመዝን ግን ሁሉንም ከአንድ ጠዋት አትውሰድ፤ ከአንድ ሊጥ የወጡ ዳቦዎች ይመሳሰላሉ፣ ስሌቱም ይዛባብሃል።