የትኛው ቀድሞ ተጻፈ?

«ዘ ቫምፓየር ዳየሪስ» የተባለው የቫምፓየሮች (ደም መጣጮች) ታሪክ ከሌላው የቫምፓየር ታሪክ ከ«ትዋይላይት» የተቀዳ ነው የሚለው አስተያየት ስለተደጋገመ እርማት ልጨምር። ተከታታይ ድራማው የጀመረው «ትዋይላይት» ሲኒማ ቤት በገባ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በመሆኑ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድራማው የተመሠረተባቸው የኤል. ጄ. ስሚዝ መጻሕፍት ግን መታተም የጀመሩት በ1991 ነው፤ የ«ትዋይላይት» ልቦለድ የወጣው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው።

ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ቅጽ የቅጂ መብት ገጽ ማየት ይበቃል። ሽፋኑን አትመኑ፤ የተዋንያኑ ፎቶግራፍ ያለበት በኋላ በድጋሚ የታተመው ነው። ገልጣችሁ ስታነቡ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤሌና እንኳን በቴሌቪዥን የምናውቃት ባለ ቡናማ ጸጉር ልጅ አይደለችም፤ ጸጉሯ ወርቃማ ነው።

ደራሲዋ ባላጠፋችው ጥፋት ስሟ ከስርቆት ጋር ሲነሳ ያሳዝነኛል። መጻሕፍቱን ሊያነብ የተነሳ ሰውም «ቅጂ ናቸው» ሲባል ይተዋቸዋል።