ለውሻ ጥሬ ሥጋ ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይበጃል? ክርክር

የክርክሩ ጥያቄ አጭር ነው። ውሻ ቤት ውስጥ በሚዘጋጅ ጥሬ ሥጋ፣ አጥንትና የሆድ ዕቃ ቢመገብ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ደጋፊዋ ውሻቸውን በዚህ መንገድ የሚመግቡ ናቸው። ተቃዋሚው የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ደጋፊ፦ ውሻዬ የሚበላው ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደረቁ ምግብ ከፋብሪካ ስለመጣ ብቻ አስተማማኝ ነው የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሜላሚን የሚባል ኬሚካል በውሻና በድመት ምግብ ውስጥ ተገኝቶ፣ ስንቱ እንስሳ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሞተ! እኔ ግን ሥጋውን ራሴ እመርጣለሁ፣ ራሴ እቆርጣለሁ። ውሻዬም በደስታ ነው የሚበላው። ሰገራው ቀንሷል፣ ጠንከር ብሏል፣ ሽታውም እንደ ድሮው አይደለም። ደግሞስ ውሻ የተኩላ ዘር አይደል?

ተቃዋሚ፦ ስለ ሰገራው አልከራከርዎትም። ሥጋ በደንብ ይፈጫል፣ አጥንትም ሰገራን ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ድርቀት ያመጣል። የተኩላው ነገር ግን አያስኬድም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን በተኩላ ውስጥ 2 ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በውሻ ውስጥ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱም አብሮ ተለውጧል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ካልሲየም ነው። ውሻ ለእያንዳንዱ እጅ ፎስፈረስ ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ካልሲየም ይፈልጋል። በቀይ ሥጋ ውስጥ ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይመዛል። እግሩ ይጎብጣል። ዘሎ ሲወርድ አጥንቱ ይሰበራል። ባለቤቱ ደግሞ ምርጥ ሥጋ እያበላው ነው!

ደጋፊ፦ ሥጋ ብቻ የሚሰጥ ሰው ያጠፋል፣ እሱ ላይ እንስማማለን። እኔ ግን አጥንት እጨምራለሁ። 80 ከመቶ ሥጋ፣ 10 ከመቶ አጥንት፣ 5 ከመቶ ጉበት፣ 5 ከመቶ ሌላ የሆድ ዕቃ። ጉበቱን ከዚህ አላሳልፍም፣ ቫይታሚን ኤ ሲበዛም እንደሚጎዳ አውቃለሁ። አጥንቱንም ፈጭቼ ነው የምሰጠው፤ ጥርስ እንዳይሰብር፣ አንጀትም እንዳይዘጋ።

ተቃዋሚ፦ መፍጨትዎ ደግ ነው። ቀመሩ ግን ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ኢ ሊያጎድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በቤት የሚዘጋጅ የውሻ ምግብ 200 አዘገጃጀቶች ተመርምረው፣ 95 ከመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኝተዋል። ከነዚያ ውስጥ በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉም ነበሩ።

ደጋፊ፦ ዶክተር፣ ያ እኮ ጥሬውን ብቻ አይከስስም! ማብሰል ዚንክ አይጨምርም። ጥናቱ የሚለው በቤት ያዘጋጀ ሰው ሁሉ ባለሙያ ያማክር ነው።

ተቃዋሚ፦ ትክክል ነዎት፣ ያማክር። እንግዲያው ማብሰል የሚለውጠውን እንይ። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ምንም ሳይታመም በሰገራው ያወጣዋል። በዚያው አፉ የልጅ ፊት ይልሳል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ጥሬ ሥጋ ለውሻና ለድመት አይሰጥ ያለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ እንዳይሉኝ። ቅዝቃዜ ሳልሞኔላን ያስተኛዋል እንጂ ሁሉንም አይገድለውም።

የሆድ ዕቃው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ሊኖር ይችላል። ሃይዳቲድ ይባላል። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆኑ የኮሶ ትሎች ያድጋሉ። ውሻው ይጫወታል፣ ይበላል፣ ምንም አይታይበትም። እንቁላሉ ግን በሰገራው ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይቀራል። ሰው እጁን ሳይታጠብ ከዋጠው በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው እጢ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። አንዳንዱ የሚድነው በቀዶ ሕክምና ነው። ይህንን ዕዳ የሚሸከሙት ስለ ውሻው ምግብ ማንም ያላማከራቸው ሰዎች ናቸው።

ደጋፊ፦ ይህኛው ከባድ ነው። ጉበትና ሳንባን በደንብ ቀቅዬ እሰጣለሁ፣ በዚህ አልከራከርም። ቡችላም ባሳድግ በራሴ ቀመር አልሞክርበትም። ቀዩን ሥጋ ግን አልተውም። ቤቴ ውስጥ ሕፃን የለም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም የለም። ሳህኑንም ቢላውንም ለብቻ አጥባለሁ።

ተቃዋሚ፦ ሳልሞኔላ ቀይ ሥጋና ጉበት አይመርጥም። ቀዩም ይብሰል። ሲበስል አጥንት አይግባበት፣ የበሰለ አጥንት ይሰነጠቃልና። ካልሲየሙ በዱቄት መልክ ተመዝኖ ይጨመር። ውሻዎ አሁንም ሥጋ ይበላል፣ እርስዎም ምን እንደገባበት ያውቃሉ። ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ሊጠይቅዎት ቢመጣ ውሻው ይቆለፍበታል?

ደጋፊ፦ አዎ፣ እንደዚያ ያለ እንግዳ ሲመጣ ሌላ ክፍል ይቆያል። የዱቄቱን ልክ ግን ንገሩኝ፤ በውሻው ክብደት ነው በሥጋው የሚሰላው?

ተቃዋሚ፦ ሥጋው ባለው ፎስፈረስ ነው የሚሰላው። የሚሰጡትን ሁሉ በግራም ጽፈው ያምጡልኝ።