የምሰሶው ላይ አማካሪዎቻችን

በሌላው ዓለም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በከንቱ እንደሚደክሙ የተረዳሁት፣ ተማሪ ጽሑፉን ይዞ ለምክር በሚሄድበት የጽሕፈት ማዕከል ለአማካሪነት የሚያጯቸውን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዴት እንደሚያሠለጥኑ ስሰማ ነው። የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ማዕከሉን የከፈተው በእነርሱ አቆጣጠር በ1934 ነው፤ እንዲህ ባሉ ማዕከላት ለሠልጣኝ የሚነገረው ዋና ትምህርትም እጅን መሰብሰብ ነው። እርሳሱ ከባለ ጽሑፉ እጅ አይውጣ፤ ጽሑፉን ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አንተ «እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። ዝም ማለትን ለማስተማር ደመወዝ የሚከፍል አገር እንዴት እንደ በለጸገ እግዜር ይወቀው።

እኛ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነን። ማዕከላችን በጀትም ሕንፃም አይጠይቅም፤ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉት የመብራት ምሰሶዎችና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይበቁታል። «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ይለጠፋል፤ ደንበኛው ይመጣል፣ ርእሱን ይናገራል፣ ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል። ምክክሩ በዚህ ተፈጸመ። (ርእሱንም ቢሆን አማካሪው ቢመርጥለት አይጠላም።)

የሥልጠናው ጥራት ግን ከሁሉ ይበልጣል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው መጀመሪያ በይሉኝታ የጓደኛውን ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት) ይጽፋል፤ ቀጥሎ የጓደኛውን አለቃ፣ ከዚያ የአለቃውን ባለቤት ሙሉ ጥናት ይረከባል፤ የራሱ መመረቂያ ጽሑፍ በዚህ መካከል ሁለት ዓመት ቢዘገይበት የሙያ መሥዋዕትነት ነው። የናሙና መጠን የሚወሰንበትን የያማኔን ቀመር በአምስት በመቶ የስሕተት ወሰን ካሰላ፣ የሕዝቡ ብዛት የቱንም ያህል ቢሆን ናሙናው ከ400 እንደማይዘል በቃሉ ያውቃል፤ አራት መቶውን መጠይቅ እያፈራረቀ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ራሱ መሙላትንም ከታላላቆቹ ይማራል። የአንዱን ባንክ ጥናት የሌላ ባንክ አድርጎ ሲያስረክብ የቀድሞው ባንክ ስም በምዕራፍ አራት አንድ ቦታ ላይ ተረስቶ ቢገኝ፣ አንብቦ የሚያገኘው ስለማይኖር ነውር የለውም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ትሕትናቸው ነው። «ይህ ጥናት የራሴ ሥራ ነው» የምትለዋን የማረጋገጫ ገጽ እንኳ በጥሩ እንግሊዝኛ አዘጋጅተው ለደንበኛው የሚተዉለት የፊርማውን ቦታ ብቻ ነው። የምስጋናውን ገጽም የሚጽፉት እነርሱው ሲሆኑ፣ ፈጣሪን፣ አድቫይዘሩንና የትዳር ጓደኛን አመስግነው የራሳቸውን ስም ይዘሉታል። እንዲህ ያለውን ራስን መካድ ከገዳም ውጭ የት ታገኙታላችሁ? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶችም ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሣ ሰው አላዩም።

በቅኔ ቤት ጀማሪው የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ይዞ ከእርሱ ከፍ ወዳለው ይቀርባል፤ ያም ያርመዋል እንጂ አይቆጥርለትም፤ ቅኔውን ያለ ዝግጅት በቃሉ የሚያፈስስ ሊቅ ደግሞ «ዘረፈ» ይባላል። እኛ ከዚያ ሁሉ ሥርዐት ቃሉን ብቻ ወርሰን በዘመናዊ መንገድ አሳድገነዋል።

አሁን ይህ አማካሪ በስተርጅና ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ወጥቷል እንበል። ባመለከተበት መሥሪያ ቤት በቃለ መጠይቁ ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጡት፣ በሁለተኛ ዲግሪያቸው የደረጃ ዕድገት ያገኙት የቀድሞ ደንበኛው ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «በጥናትና ምርምር ልምድ አለህ? ማስረጃ ታቀርባለህ?» ሲሉ ይጠይቁታል። ማስረጃውማ ከጀርባቸው ካለው መደርደሪያ ላይ፣ በጥቁር ጥራዝ፣ በወርቃማ ፊደል ስማቸው ተጽፎበት ቆሟል።