ይድረስ ለክቡር ኮንፊገር፤ የጎደለንን ሁሉ በአንዴ ብትነግረን ምን ይጎድልብሃል?

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ኮንፊገር፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከዝናቡና ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነን። ጅማ ክረምት ገብቷል። ቆርቆሮው ሲጮህ ስልክ አይሰማም፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እኔም አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እርስዎ ስክሪኑ ላይ የሚጽፉትን አነባለሁ። በርጩማዋ ያቺ የታወቀችው የጅማ ባለ ሦስት እግር ናት። እሷ እንኳን አንድም ቀን እግር ጎደለኝ ብላ አታውቅም።

ለማያውቅዎ አንባቢ ላስተዋውቅዎ። እርስዎ ከሶርስ ኮድ፣ ማለትም ሰው ከጻፈው የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ጋር አብሮ የሚመጣ ፈታሽ ፕሮግራም ነዎት። አንድን ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ከመጣ ፓኬጅ ሳይሆን ከሶርስ ኮዱ ገንብቼ ልጫን ያለ ሰው መጀመሪያ እርስዎ ፊት ይቀርባል። እርስዎ ኮምፒውተሩን ይፈትሻሉ። ሁሉም ከተሟላ ሜክፋይል የሚባለውን መመሪያ ይጽፋሉ። ሜክ የሚባለው ፕሮግራም ያንን አይቶ ይገነባል፣ ሜክ ኢንስቶል ደግሞ የተገነባውን ቦታ ቦታው ያስቀምጣል። በቃ፣ ሦስት ትእዛዝ። የመጫኛ ጽሑፉ ላይም ሦስት መስመር ናት። ያንን የጻፈው ሰው ቢሮው ጅማ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ልንጭን የተነሳነው ፌችሜይልን ነው። ሩቅ ሰርቨር ላይ ያለ ኢሜይልን ፖፕ 3 ወይም አይማፕ በሚባለው የኢሜይል መቀበያ ደንብ እየጎተተ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ኤሪክ ሬይመንድ በ1996 ፖፕክላይንት የሚባል የሌላ ሰው ፕሮግራም ተረክቦ ነው ያሳደገው። ዕድሜው ገፍቷል፣ መስኮት የለው፣ የሚጫን ቁልፍ የለው። ለኛ ቢሮ ግን ተለክቶ የተሰፋ ነው። እኛ ጋ ኔትወርኩ ሌሊት ይሻላል። ሌሊት ያወርዳል፣ ጠዋት ኔትወርኩ ድርግም ቢል እንኳን ደብዳቤው እጃችን ላይ ነው። የቢሮው ባለቤት ሀጂም የሚፈልጉት ይህንን ብቻ ነው። ውጭ አገር ያለው ገዢ ጅማ 5 ስለተባለው የቡና ደረጃ ናሙና ምን አለ? ጠዋት ሲገቡ "ልጄ፣ መጣ?" ይላሉ። መልሱ "መጥቷል ሀጂ" መሆን አለበት። "ሀጂ፣ ኮንፊገር የኦፕንኤስኤስኤል ሄደር አጣ" ብዬ አልመልስላቸው!

አሮጌ ፌችሜይል ነበረን። 6.3.26፣ በ2013 የወጣ። አገልግሏል፣ እናመሰግናለን። ከዚያ የኢሜይል ሰርቨሩ የድሮውን ምስጠራ አልቀበልም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሊኑክስም አርጅቶ ከዚያ የተሻለ ፓኬጅ የለውም። ስለዚህ 6.4ን ከሶርስ ኮድ መገንባት ግድ ሆነ፣ እርስዎም ከተፍ አሉ።

መቼም ሲጀምሩ ደስ ይላሉ። "ቼኪንግ" ይላሉ፣ ከዚያ "የስ"። ደግሞ "ቼኪንግ"፣ ደግሞ "የስ"። መጀመሪያ ከሚጠይቋቸው አንዷ "አካባቢው ጤነኛ ነው ወይ?" የምትለዋ ናት። ይቺን ሳነብ ቀና ብዬ አካባቢውን አየሁት። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሰርቨር የምንለው ኮምፒውተር ፌስታል ለብሷል፣ ጎኑን የቡና ናሙና ከረጢት ደግፎታል። እርስዎ ግን "የስ" አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንን ቢሮ ጤነኛ ነው ያለ የመጀመሪያው ፍጡር እርስዎ ነዎት።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። "ተቀባይነት ያለው የሲ ኮምፓይለር አልተገኘም" አሉና ቆሙ። ኮምፓይለር ማለት በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጠው ነው። ተቀባይነት ያለው! ተወዳዳሪዎች ቀርበው ሁሉም የወደቁ ነው የሚመስለው እኮ፣ ጭራሽ ምንም አልነበረም። እሺ። ኔትወርክ ጠበቅን፣ ኮምፓይለሩን አወረድን፣ ተመለስን። የስ፣ የስ፣ የስ... "ኦፕንኤስኤስኤል አልተገኘም።"

የምስጠራውን ሥራ የሚሠራው ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ፣ መሆኑ ነው። ኧረ አለ! ቨርዥንህ ስንት ነው ብለን ራሱን ኦፕንኤስኤስኤልን ጠየቅነው፣ መለሰልን። አዲሱ ፌችሜይል ከሚፈልገው ከ1.0.2ም አያንስም። ለካ እርስዎ የፈለጉት ሌላውን ኖሯል። የተገነባ ፕሮግራም ለማስኬድ ላይብረሪው ይበቃል። አዲስ ለመገንባት ግን ላይብረሪው ውስጥ ምን እንዳለ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩት ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ፣ እነሱ ደግሞ ለብቻቸው ታሽገው ነው የሚመጡት። ደቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ ይባላሉ፣ ፌዶራ በሚባለው ላይ ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቨል። እርስዎ የትኛዋን ፋይል ፈልገው እንዳጡ ከነስሟ ያውቃሉ። አውቀውም ኮንፊግ ሎግ በሚሉት ማህደርዎ ውስጥ፣ ማለቂያ በሌለው መስመር መሃል፣ ቀብረዋታል። ስክሪኑ ላይ የሚነግሩን "የለም" የሚለውን ብቻ ነው።

ይቅርታ፣ ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ። ሌሊቱን ሙሉ አብረን አድረን እርስዎ መባባሉ አይመችም።

ቅሬታዬ ይሄውልህ። የመጀመሪያዋን ጎዶሎ እንዳገኘህ ትቆምና እሷን ብቻ ትነግረናለህ። እሷን አሟልተን ስንመለስ ሌላዋን ትመዛለህ። መስኮት ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ የመታወቂያ ኮፒ፣ እሱን ስታመጣ ፎቶ፣ ፎቶውን ስታመጣ ደግሞ ደብዳቤ አምጣ የሚል የቢሮ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ እንኳን ምሳ ሰዓት ይወጣል።

ኮምፓይለር ሳይኖር ሌላውን ማየት አልችልም ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፣ እሱን ልተውልህ። የምትፈትሸው ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራም እየጻፍክ፣ ኮምፓይል ሆነ አልሆነ እያልክ ስለሆነ ያለ ኮምፓይለር እጅህ አጭር ነው። ኮምፓይለሩ ከመጣ በኋላስ? ኦፕንኤስኤስኤል ሲጠፋ ለምን ትቆማለህ? የቀረውን እይና መጨረሻ ላይ "ይሄ፣ ይሄና ይሄ ጎድሏል፣ ባንድ ጉዞ አምጣ" በላ! እኛ ጋ እኮ እያንዳንዷ "አምጣ" ኔትወርክ ትጠብቃለች። አንዳንዴ መብራትም ትጠብቃለች።

ሌላው ነገር የ"ኖ" ጉዳይ ነው። መሃል ላይ ድንገት "ኖ" ትላለህ፣ ልባችን ስንጥቅ ይላል፣ አንተ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ታልፋለህ። ቀጥሎ ሌላ "ኖ" ትላለህ፣ እዚያው ክልትው። የትኛው ኖ የምር፣ የትኛው ኖ የጨዋታ እንደሆነ በምን እንወቅ? ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው ደግሞ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሰው ስለሚጨነቅበት ነገር ነው። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም መሰለኝ። አንተን ሰው በእጁ አይጽፍህም፣ አውቶኮንፍ የሚባል ከ1991 ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው የሚወልድህ። በዚያ ዘመን ዩኒክስ የሚባለው የሊኑክስ ቀዳሚ ብዙ ዓይነት ነበር፣ እያንዳንዱም የራሱ ጠባይ ነበረው፣ መጠየቁ ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን የቀረህ የጥያቄ ልማድ ነው። ጅማ ገበያ ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም በዳውሮኛም በየምኛም ተጠያይቆ ዕቃውን ይዞ ይገባል። ካንተ ጋር በአንዱም መግባባት አልቻልንም።

አንተን የሚተኩ መጡ ሲባልም ደስ ብሎን ነበር። ሲሜክ፣ ሜሰን። የግድ ያስፈልጋል የተባለ ነገር ሲያጡ እነሱም የመጀመሪያው ላይ ገትረው ያቆሙሃል። ዘራችሁ ነው መሰል።

ከሰዓት በኋላ የሀጂ ወዳጆች ጫታቸውን ይዘው ቢሮ ይመጣሉ። ሁለት ቀጠል እንዳደረጉ ሁሉም መካሪ ሆኑ። አንዱ "ዊንዶውስ ጫንበትና ተገላገል" አለኝ። ሌላው ምርቃናው ሲመጣለት "ለምን ኢሜይሉን አዲስ አበባ አትመን በአውቶቡስ አናስመጣውም?" ብሎ ሙድ ያዘብኝ። ሳስበው ነውር የለውም። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ቀን ኔትወርክ አውቶቡሱ ሳይቀድመን አይቀርም ነበር።

በመጨረሻ አለፍን። ሜክፋይሉን ጻፍክልን። ሜክ ሥራውን ጀመረ፣ ስክሪኑ በጽሑፍ ተጥለቀለቀ፣ ያንን የሚያይ ሰው ሁሉ ትልቅ ሥራ እየተሠራ ነው ብሎ ያምናል፣ የጫቱ ማኅበር እንኳን ዝም ብሎ አየ። ልክ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ።

መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። ጸሐፊያችን ደግ ሰው ናት፣ እኔ ሻይ ልጠጣ በወጣሁበት ቀኑን ግድግዳው ላይ ካለው ካሌንደር አይታ አስተካከለችው። ካሌንደሩ 2017 ይላል፣ እሷም 2017 ብላ ሞላች። ምንም አላጠፋችም፣ የኛ ዓመት ያ ነበር። ተመልሼ አንተን እንደ አዲስ ሳስነሳህ ያቺው "አካባቢው ጤነኛ ነው ወይ?" የምትለዋ ጥያቄ ላይ ቆምክ። "አዲስ የተፈጠረው ፋይል ከጥቅሉ ጋር ከመጣው ፋይል ይበልጥ ያረጀ ነው! የኮምፒውተርህን ሰዓት እይ!"

ነገሩ ገብቶኛል። አንዲት ትንሽ ፋይል ትፈጥርና ከራስህ ዕድሜ ጋር ታስተያያታለህ። 6.4 ከ2019 ወዲህ የወጣ ነው፣ ስለዚህ "በ2017 የተፈጠረች" ፋይል አንተን በዕድሜ ትበልጥሃለች። ሜክ የትኛው ፋይል እንደገና ይገንባ የሚለውን የሚወስነው በፋይሎቹ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሰዓት ሲዛባ ሁሉም ይበላሻል፣ ፍርሃትህ የምር ነው። ግን ያ ሁሉ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ያ ሁሉ ፌስታል ተከናንቦ "ጤነኛ" ያልከውን ቢሮ ባሕረ ሐሳብ ስለተከተለ ጤና ነሳኸው? አገሩ ሁሉ 7 እና 8 ዓመት ወደኋላ እየቆጠረ በሰላም ይኖራል እኮ። እናስ? ቀኑን ለፈረንጅ አስተካከልንልህ። የስ አልክ። ምን እናድርግህ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሜክ ጨረሰ። ሜክ ኢንስቶል "ፈቃድ የለህም" አለ፣ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ሲመጡበት ፈቃድ ተገኘ። ካልተነገረህ በቀር አዲሱ ፕሮግራም እንዲቀመጥ የምታደርገው ዩኤስአር ሎካል የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፣ ይሄ እንኳን ጥሩ ልማድህ ነው፣ ሲስተሙ ራሱ ከሚያስተዳድራቸው ፓኬጆች ጋር አያጣላም። "ቨርዥንህ ስንት ነው?" ስንለው ግን "6.3.26" ብሎ አሾፈብን። ትእዛዛችንን የሚቀበለው ሼል የአሮጌውን አድራሻ በቃሉ ይዞ እዚያው ይመላለሳል። እርሳው ሲባል ረሳው።

እና ፌችሜይል ተነሳ። ተነስቶም የመጀመሪያ ንግግሩ ወቀሳ ነበር። የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ፋይል ለሌላ ሰውም ክፍት ነው፣ ፈቃዱ ከ0700፣ ማለትም ለባለቤቱ ብቻ ክፍት ከመሆን፣ መብለጥ የለበትም፣ ፋይሉም እዚህ ቦታ ነው፣ አለ። በአንድ መስመር! የትኛው ፋይል፣ ምኑ፣ ስንት መሆን እንዳለበት ጭምር። ኮንፊገር፣ አየኸው? አንተ ፈትሸህ ያሳለፍከው ፕሮግራም ካንተ ይበልጥ መናገር ያውቃል። ቀጥሎ ያመጣውን ኢሜይል በፖርት 25፣ ማለትም በኢሜይል መግቢያ በር፣ የሚቀበለው አጥቶ ትንሽ አኩርፎ ነበር፣ ፖስትፊክስ የሚባል ኢሜይል ተቀባይ ፕሮግራም ሲጫንለት ታረቀ።

ፌችሜይል ካልተከለከለ ያወረደውን መልእክት ከሰርቨሩ ላይ ያጠፋል። ሀጂ ደግሞ ወረቀት የሚጥል ሰው አይወዱም። ስለዚህ "ኪፕ" ብለን ጻፍንለት፣ ሁሉንም አስቀርቶ ኮፒውን ብቻ እንዲያመጣ። ሌሊት አወረደ። ጠዋት ሀጂ ገቡ፣ "ልጄ፣ መጣ?" አሉ። "መጥቷል ሀጂ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ከላይ ያለውን ከፈትንላቸው። ሰርቨሩ ነው የላከው። የመልእክት ሳጥንዎ ሊሞላ ስለሆነ እባክዎ ያጽዱ ይላል።

እንግዲህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ኮምፓይለሩን ካገኘህ በኋላ አትቁም። እስከ መጨረሻው ሂድ፣ የጎደለውን ሁሉ ሰብስብ፣ ከቻልክ የፓኬጁንም ስም ጨምርበት፣ ከዚያ የፈለግከውን ያህል ተቆጣ። መልስህን እዚሁ በርጩማ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የቡና ቢሮው ኮምፒውተር ሠሪ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለሜክ፣ ካንተም ጋር የምንነጋገረው አለን
ለሊብኤስኤስኤል-ዴቭ፣ ካሉበት
ለኮንፊግ ሎግ፣ ማንበብ ሲጀመር እንደሚያልቅ ዋስትና ሲሰጠን የሚነበብ
ለጸሐፊያችን፣ የፈረንጁ ካሌንደር ከዛሬ ጀምሮ ከሞኒተሩ ጎን ተለጥፏል፣ አዲስ ባትሪም ታዟል